ላይሰንስ መቀየር መብት ነው ወይስ ክህደት?

የማታ ኮደር፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሰንብቷል። ሬዲስ የተባለው ዳታቤዝ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ማንም እንዲጠቀምበት በሚፈቅደው ቢኤስዲ ላይሰንስ (የአጠቃቀም ፈቃድ) ሲሰራጭ ኖሮ፣ በማርች 2024 ባለቤቱ ኩባንያ ላይሰንሱን ገደብ ወዳለው ቀየረው። ሌሎች ሶፍትዌሮችም፣ ሞንጎዲቢ በ2018፣ ኢላስቲክሰርች በ2021፣ ቴራፎርም በ2023 በዚያው መንገድ ሄደዋል። ሰበባቸው ይቀራረባል፦ ሌሎች ኮዱን ወስደው ይሸጡታል፣ ለጻፈው ግን የሚመለስለት ትንሽ ነው። እኔ አልፈርድባቸውም። አንዱ ዘርቶ ሌላው ሲያጭድ ዝም በል ማለት ይከብዳል። እናንተስ? ብሽሽቅ ባይኖር ደስ ይለኛል።

ሴሚኮሎን፦
ያለ ብሽሽቅ፣ እኔ እፈርዳለሁ። ቢኤስዲን የመረጡት ራሳቸው ናቸው። ውሰዱ፣ ለውጡ፣ ሽጡ፣ የባለቤትነት ማስታወቂያውን ብቻ አታጥፉ የሚል ላይሰንስ ነው። በሩን ከፍቶ ግቡ ያለ ሰው የገባውን እንግዳ ሌባ ሲለው አይገባኝም።

ደግሞ ኮዱን ኩባንያው ብቻውን አልጻፈውም። ከራሴ ልንገራችሁ። ስሙን የማልጠራው አንድ ፕሮጀክት ላይ ሜሞሪ ቀስ በቀስ የሚበላ ባግ ነበር። ሰርቨሩ በየሦስት ቀኑ ይወድቃል። ሁለት ሳምንት ማታ ማታ ሳሳድደው ቆይቼ፣ ግንኙነት ሲቋረጥ የማይለቀቅ አንድ በፈር (ጊዜያዊ የሜሞሪ ቦታ) አገኘሁ። ማስተካከያው 4 መስመር ነው። ላኩት፣ ገባ፣ አመሰገኑኝ። በዓመቱ ላይሰንሱ ተቀየረ። ገንዘብ ጠይቄ አላውቅም። ግን የሠራሁት ለሁሉም መስሎኝ ነበር።

ሩት ዩዘር፦
ስሜትሽ ይገባኛል፣ ግን ሕጉን ለይተን እንየው። የድሮው ቨርዥን አልተነጠቀም። በቢኤስዲ የወጣ በቢኤስዲ ይቀራል። ሬዲስ በተቀየረ በቀናት ውስጥ ቫልኪ የሚባል ፎርክ (ከድሮው ኮድ ተገንጥሎ የሚቀጥል ፕሮጀክት) በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር የተነሳውም ለዚህ ነው። ከቴራፎርምም ኦፕንቶፉ ወጥቷል።

ጂፒኤል ቢሆን፣ ማለትም ኮዱን ለውጦ የሚያሰራጭ የራሱንም ኮድ በዚያው ላይሰንስ እንዲሰጥ የሚያስገድደው ቢሆን፣ ነገሩ ይለያል። ኮድ የሰጠ ሰው ሁሉ የድርሻው ባለመብት ስለሆነ፣ ላይሰንሱን ለመቀየር ሁሉንም ማስፈቀድ ያስፈልጋል። በጂፒኤል 2 የሚሰራጨውን ሊኑክስ ከርነልን (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት) ተመልከቱ። ፈጣሪው ሊነስ ቶርቫልድስ አዲሱን ጂፒኤል 3ን አልወደደውም፤ ቢወደውስ እነዚያን ሁሉ ሺዎች የት ብሎ ያገኛቸዋል? ይህን ማለፊያው ሲኤልኤ ነው፤ ኮድ ስትሰጡ የምትፈርሙት፣ ላይሰንሱን የመቀየር መብት ለባለቤቱ ሊሰጥ የሚችል ውል። ብዙ ሰው ሳያነበው ኦኬ ይላል። ጉዱ ያለው እዚያ ነው።

የማታ ኮደር፦
እንግዲያው ከመጀመሪያው ጂፒኤል ማድረግ ነው የሚሻለው?

ባለ ፎርክ፦
ለእኔ አዎ። ሊንክሲስ ይሸጠው የነበረው ደብሊውአርቲ54ጂ ራውተር ውስጥ ሊኑክስ ነበረ። ሰዎች ደረሱበት፣ ጂፒኤልን ጠቅሰው ወተወቱ፣ በ2003 ሶርስ ኮዱ ወጣ። ኦፕንደብሊውአርቲ የተነሳው ከዚያ ኮድ ነው፤ ዛሬ ስንት ዓይነት ራውተር ላይ ይሠራል። ላይሰንሱ እንደ ቢኤስዲ ልቅ የሆነው ኤምአይቲ ቢሆን ኖሮ በምን ሕግ ይጠይቋቸዋል?

ለክላውድ፣ ሶፍትዌርን በራሳቸው ሰርቨር እያሠሩ በኢንተርኔት ለሚያከራዩት ማለቴ ነው፣ ግን ተራ ጂፒኤል አይበቃም። ኮዱን ለማንም ሳይሰጡ ሰርቨር ላይ ብቻ ካሠሩት ግዴታ የለባቸውም። በ2007 የወጣው ኤጂፒኤል 3 የሚደፍነው ያንን ቀዳዳ ነው።

ሩት ዩዘር፦
ኤጂፒኤል ሲባል የሚሸሽ ግን ብዙ ነው። ጉግል እኛ ዘንድ ክልክል ነው ብሎ በይፋ ጽፏል። ትንሽ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙባት ኮድ) ከሆነች ተጠቃሚ ሳታገኝ ትቀራለች።

ባለ ፎርክ፦
ይሽሹ! የማይከፍል ደንበኛ ቢሸሽ ምን ይጎድላል?

ሴሚኮሎን፦
ኤጂፒኤልን እኔም አልጠላም። የማልቀበለው ሞንጎዲቢ ያመጣውን ኤስኤስፒኤልን ነው። ሶፍትዌሩን እንደ አገልግሎት ካቀረባችሁ የባክአፑን፣ የሞኒተሪንጉን፣ የዩዘር ኢንተርፌሱን ኮድ ሳይቀር ልቀቁ ይላል። ማን ሊፈጽመው? ኦፕን ሶርስ ምን እንደሆነ የሚበይነው ተቋም፣ የኦፕን ሶርስ ኢኒሼቲቭ፣ መስፈርት ላይሰንስ በሥራ መስክ ማዳላት የለበትም ይላል፤ ተቋሙም ኤስኤስፒኤል ኦፕን ሶርስ አይደለም ብሏል። ኮድን ዘግቶ መሸጥ ነውር የለውም። የሚያናድደው ዘግቶ ክፍት ነው ማለት ነው።

የማታ ኮደር፦
እዚህ ላይ ተረትቻለሁ። በስሙ ይጠራ። የገንዘቡ ነገር ግን አልተመለሰም። በ2014 ሃርትብሊድ የተባለው የደህንነት ቀዳዳ ሲፈነዳ፣ ስንትና ስንት ድረ ገጽ ግንኙነቱን ለማመስጠር የሚደገፍበትን ኦፕንኤስኤስኤልን ይዘውት የነበሩት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ላይሰንሱ ልቅ ስለነበረ ነው?

ሩት ዩዘር፦
አይደለም። ጂፒኤልም ቢሆን ኮድ እንጂ ገንዘብ አያስመልስም። ያኔ ገንዘብ የተዋጣው ኩባንያዎቹ ስለደነገጡ ነው።

በነገራችን ላይ ሬዲስ በሜይ 2025 ኤጂፒኤልን አማራጭ አድርጎ ተመልሷል። ኢላስቲክ ደግሞ ከእሱ ቀደም ብሎ በ2024።

ሴሚኮሎን፦
አይቻለሁ። እኛ ግን ወደ ቫልኪ ከተሻገርን ቆየን። ሰርቨሩ ይሠራል፣ እንመለስ ያለም የለም።

የማታ ኮደር፦
እውነቱን ልናገር። በኤምአይቲ የለቀቅኳት አንዲት ላይብረሪ አለችኝ። ሲኤልኤ ላስገባባት አስቤ ፑል ሪኩዌስቱ (የለውጥ ጥያቄው) ከሰኞ ጀምሮ ተከፍቶ ተቀምጧል። የጠየቅኳችሁም ለዚሁ ነው። አሁን ዘጋሁት። የኤጂፒኤሉን ጉዳይ ኮድ የሰጡኝን 11 ሰዎች ራሳቸውን እጠይቃለሁ።

ባለ ፎርክ፦
11 ብቻ ሳሉ ጠይቃቸው።