አዲስ ሞተር ገዝቼ መካኒኩና መመሪያው አልስማማ አሉኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ከሁለት ወር በፊት 125 ሲሲ አዲስ ሞተር ሳይክል ገዛሁ። የምሠራው ደብረ ታቦር ዙሪያ ነው፤ መንገዱ ጠጠርና አቧራ። ቆጣሪው 940 ኪሎ ሜትር ደርሷል። መመሪያው 1000 ላይ ዘይት ይቀየር፣ የቫልቭ (ሞተሩ ውስጥ አየር የሚያስገባውና ጭስ የሚያስወጣው መክደኛ) ክፍተት ይታይ፣ ብሎኖች ይጥበቁ ይላል። የሰፈራችን መካኒክ ግን «ዘይቱ ገና ማር ነው፣ እስከ 3000 ንዳው» አለኝ። አዲስ ሞተር እስኪላመድ የብረት ብናኝ ዘይቱ ውስጥ ይገባል ሲባል ሰምቼ ፈራሁ። ማንን ልስማ? ቫልቩስ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ይለካል? ሰውዬው እንዳጠፋሁት ሊከፍተው ነበር እኮ!

ካቴናውም አስቸግሮኛል። መመሪያው በየ500 ኪሎ ሜትሩ አጽዳና ቀባ ይላል፤ በዚህ አቧራ ግን በሳምንቱ ይደርቃል። የተቃጠለ ዘይት ብቀባው ይጎዳዋል? ቅዳሜ ጋራዥ ቀጠሮ አለኝ፤ እባካችሁ ከዚያ በፊት መልሱልኝ።