ኤ380 ሞልቶ እየበረረ ገዢ ያጣው ለምንድን ነው?

መስኮት ዳር፦ ሰላም ጓዶች። ኤርባስ ግዙፉን ባለአራት ሞተር የመንገደኛ አውሮፕላን ኤ380ን መሥራት ያቆመው ፈላጊ ጠፍቶ ነው ይባላል። የመጨረሻው፣ 251ኛው፣ ለኤምሬትስ የተሰጠው እ.አ.አ. በ2021 ነው። ግን በኮሮና ጊዜ የቆሙትን ሉፍታንዛና ኢትሃድ መልሰው እያበረሯቸው ነው። ፈላጊ ካለ ለምን እንደገና አይሠራም?

የወንበር ሒሳብ፦ እኔ አየር መንገድ ውስጥ የትኬት ዋጋ ክፍል የሠራሁ ሰው ነኝ፤ የማየው ከወንበሩ በኩል ነው። ያለህን ማብረርና አዲስ መግዛት ለየቅል ናቸው። የቆመው አውሮፕላን ገንዘቡ አንዴ ወጥቷል፤ ቢሸጥም ደህና ዋጋ አያወጣም። በ2020 ይደርሳል የተባለው ቦይንግ 777-9 ደግሞ ዓመታት ዘገየ። ታዲያ ጠግኖ ከማስነሳት ሌላ ምን ምርጫ አላቸው?

መሙላቱም አያታልልህ። 500 ወንበር በበዓል ሰሞን ማንም ይሞላዋል። ጭንቁ በዓሉ ካለፈ በኋላ ያለው ማክሰኞ ነው። ቀድመው የገዙት ደህና ከፍለዋል እንበል። የቀረውን ለመሙላት ዋጋ ትጥላለህ። ያኔ ደህና ይከፍል የነበረውም ነቄ ይላል፤ እስክትጥል ይጠብቅሃል። በ300 ወንበር ግን ጠዋትም ማታም ትበራለህ። ለሥራ የሚሄደው ሰው ብር የሚያወጣው ለሚመቸው ሰዓት እንጂ ለአውሮፕላኑ ግዝፈት አይደለም።

ሞተሩም አለ። ድሮ ባለሁለት ሞተር ከማረፊያ ብዙ መራቅ አይፈቀድለትም ነበር። በ1985 እስከ 120 ደቂቃ በረራ ያህል መራቅ ተፈቀደ፤ ባለሁለት ሞተሩ የኤርባስ ኤ350 ዛሬ እስከ 370 ደቂቃ ድረስ ፈቃድ አለው። ኤ380 ሥራ በጀመረ በአራት ዓመቱ የቦይንግ 787 በሁለት ቆጣቢ ሞተር ከች አለ። አራት ሞተር መቀለብ ከዚያ ወዲህ ቅንጦት ሆነ።

ሻንጣ ጫኚ፦ ጭነቱን ረሳኸው! የኤ380ን ሆድ የተሳፋሪው ሻንጣ ብቻውን ያጣብበዋል። የቦይንግ 777-300ኢአር ያነሰ ሰው ይዞ የበለጠ ካርጎ ይጭናል። የጭነት ኤ380 ያዘዙት ፌዴክስና ዩፒኤስም ሰርዘውታል። የቦይንግን ትልቁን 747 እስከ 2023 ምርት ላይ ያቆየው ጭነት ነው፤ የመጨረሻው የወጣው የጭነቱ ዓይነት ነበር።

መስኮት ዳር፦ እሺ፣ የለንደኑ ሂትሮው ኤርፖርትስ? ተጨማሪ የማረፊያ ሰዓት በማይገኝበት ትልቁ አያዋጣም? ኤምሬትስም 123 ወስዷል።

የወንበር ሒሳብ፦ እዚያማ ያዋጣል፣ አልክድም። ግን እንደ ሂትሮው የተጨናነቀ ኤርፖርት ስንት አለ? የኤምሬትስ 123 ደግሞ ከጠቅላላው ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው። በ2019 እሱ ትእዛዙን ሲቀንስ ኤርባስ ምርቱን እንደሚያቆም አስታወቀ። በአንድ ደንበኛ ላይ የቆመ ፋብሪካ ዕጣው ይኸው ነው።

777-9ን ተመልከተው። ወንበሩ 426 ገደማ፣ ሞተሩ ሁለት። ክንፉ 71.8 ሜትር ነው፤ መሬት ሲነካ ጫፉ ታጥፎ 64.8 ይሆናል። በተለመደው የ777 መቆሚያ ይገባል ማለት ነው። ለኤ380 ግን ክንፉ 80 ሜትር ስለሚጠጋ ኤርፖርቶች መቆሚያ ማስፋት ነበረባቸው። ከ777-9 የሚበልጥ አዲስ የሚያዝ አየር መንገድ በቅርቡ አይታየኝም።