ልጄ ዲፕሎማ አታገኝም ተባልን፤ ኮሌጅ መግባት ትችላለች?

ጥያቄ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ከገባን ስድስት ዓመት ሆነን። ትልቋ ልጄ 17 ዓመቷ ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት አለባት። ታነባለች፤ ግን ንባቧ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ያህል ነው። ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤቷ ጠርተውን "የምትጨርሰው በሰርተፍኬት ነው፤ ዲፕሎማ አታገኝም" አሉን። ማታ ታናሽ ወንድሟ ስለ ኮሌጅ ሲያወራ ሰምታ "እኔስ መቼ ነው የምገባው?" አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ። እንደሷ ላሉ ልጆች የሚሆን ኮሌጅ አለ ሲሉ እሰማለሁ። እውነት ነው? ያለፋችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

መልስ፦

እህቴ፣ እውነት ነው፤ አለ። የእኔ ልጅ ገብቶ ጨርሷል። ስለዚህ ሰምቼ ሳይሆን አልፌበት ነው የምነግርሽ።

በሩን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ሕግ ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ተማሪ የሃይ ስኩል ዲፕሎማ ባይኖረውም፣ ዲግሪ ባይማርም፣ የፌዴራል መንግሥት ፈቃድ ያለው ፕሮግራም ውስጥ ከገባ ፔል ግራንት የሚባለውን የማይመለስ የመንግሥት የትምህርት እርዳታ ማግኘት ይችላል። እየሠሩ የሚከፈሉበት ወርክ ስተዲም ተፈቅዷል። የተማሪ ብድር ግን የለም። ፈቃድ ያላቸውን ፕሮግራሞች በአጭሩ ሲቲፒ ይሏቸዋል። ይህችን ቃል ያዢያት። ስትደውዪ የመጀመሪያ ጥያቄሽ "ሲቲፒ ናችሁ?" የሚል ይሁን። ጥሩ ሆነው ሳለ ፈቃዱ የሌላቸው አሉ፤ እነሱ ጋር ፔል ግራንት አይሠራም። ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ እንደማንኛውም ተማሪ ትሞላለች። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለመሙላት ዜግነት መጠበቅ የለበትም።

ውስጡ ምን ይመስላል ካልሽኝ፣ አብዛኞቹ ከሁለት እስከ አራት ዓመት የሚፈጁ ናቸው። መጨረሻው ዲግሪ ሳይሆን ሰርተፍኬት ነው። ልጆቹ ከሌሎቹ የኮሌጁ ተማሪዎች ጋር ክፍል ይገባሉ፤ አንዳንዱን ትምህርት ያለ ማርክ ይከታተላሉ። ሥራ ይለማመዳሉ። ገንዘብ መያዝ፣ አውቶቡስ መሳፈር፣ ቀጠሮ ማክበር ይማራሉ። ብዙ ቦታ አብሯቸው የሚያጠና፣ ምሳ የሚበላ፣ ጂም የሚሄድ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ይመደብላቸዋል። የእኔ ልጅ ከሁሉም የወደደው የፎቶግራፍ ክፍሉን ነበር። እስከዛሬ ስልኩ ውስጥ ያለው ፎቶ ሁሉ በር ነው። የሕንፃ በር፣ የክፍል በር፣ የሱቅ በር። ለምን እንደሆነ ጠይቄው "ደስ ይሉኛል" አለኝ፤ በቃ።

ፍለጋውን ከቲንክ ኮሌጅ ጀምሪ። ቦስተን ያለው የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚገኝ ማዕከል ነው። ድረ ገጹ ላይ በመላው አሜሪካ ያሉ ከ300 በላይ ፕሮግራሞች በየስቴታቸው ተዘርዝረዋል። ለምሳሌ ቨርጂኒያ ፌርፋክስ፣ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሜሰን ላይፍ አለ፤ ከ2002 ጀምሮ ያስተምራል። ናሽቪል ቫንደርቢልት ውስጥ ኔክስት ስቴፕስ አለ። ሳውዝ ካሮላይና ክሌምሰን ላይፍ አለ። አትላንታ ላሉ ጆርጂያ ስቴት፣ ሲያትል አካባቢ ላሉ ደግሞ ሃይላይን ኮሌጅ አላቸው።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ።

እኛ በመጀመሪያው ዓመት አልተቀበሉንም። ምክንያቱ የልጄ ንባብ አልነበረም፤ እኔ ነበርኩ። ኢንተርቪው ላይ "ለምን እዚህ መማር ፈለግህ?" አሉት። ዝም አለ። ልጄ ለመመለስ ጊዜ ይፈልጋል። እኔ ዝምታውን አልቻልኩትም፤ መለስኩለት። "ምን ዓይነት ሥራ ትወዳለህ?" አሉት። ይህንንም መለስኩለት። "ጠዋት ማን ይቀሰቅስሃል?" ሲሉት ዞሮ እኔን አየኝ። ሁሉም እኔን አዩኝ። ደብዳቤው ሲመጣ "ራሱን ችሎ ለመዋል ገና ዝግጁ አይደለም" ይላል። በጣም ተናደድኩ፣ አለቀስኩም። ቆይቼ ሳስበው ግን እውነታቸውን ነው። 19 ዓመት ሙሉ ጫማውን ያሰርኩለት እኔ ነኝ። ማሰር አቅቶት አይደለም። እኔ ስለምቸኩል ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ትምህርት አላስተማርኩትም። እጄን መሰብሰብ ነው የተማርኩት። በስልኩ አላርም ሞላ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ቀን አረፈደ። አልቀሰቀስኩትም። ያ ሳምንት ለእኔ ከባድ ነበር። ልብሱን ራሱ ማጠብ ጀመረ። ሐኪም ቤት ስንሄድ ነርሷ እኔን ስትጠይቀኝ "እሱን ጠይቂው" ማለት ለመድኩ። አውቶቡስ ብቻውን የተሳፈረ ቀን ከኋላ በመኪና ተከተልኩት። ሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። ሦስተኛው ቀን ቤት ቀረሁ። በዓመቱ ለኢንተርቪው ብቻውን ገባ፤ ውጭ ጠበቅኩት። የጠየቁትን እስከ ዛሬ በሙሉ አላውቅም። ተቀበሉት።

እህቴ፣ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ከንባብ ደረጃ ይልቅ የሚያዩት ይህን ነው። ለተወሰነ ሰዓት ብቻዋን መዋል ትችላለች? ሲቸግራት ሰው ትጠይቃለች? መማር የምትፈልገው ራሷ ናት ወይስ እናቷ? እኛ ስለምንሳሳላቸው ሁሉን እናደርግላቸዋለን። ልጅሽ ግን "እኔስ መቼ?" ብላ ራሷ ጠይቃሻለች። የእኔ ልጅ እዚያ ለመድረስ ዓመት ፈጅቶበታል።

ሰርተፍኬት መባሉም አያስደንግጥሽ። መደበኛ ዲፕሎማ የተቀበለ ልጅ በልዩ ፍላጎት ሕግ የሚያገኘው ነፃ ትምህርት እዚያው ያበቃል። በሰርተፍኬት የጨረሰ ግን መብቱ አይቋረጥም፤ በአብዛኛው ስቴት 21 ወይም 22 ዓመት እስኪሆነው ይማራል። ስለዚህ አራት ዓመት ገደማ አላት ማለት ነው። አይኢፒዋ (ትምህርት ቤቱ ለእሷ ለብቻዋ የሚያወጣው የትምህርት እቅድ) ላይ "ከሃይ ስኩል በኋላ" የሚለው ክፍል ከ16 ዓመቷ ጀምሮ የግድ መኖር አለበት። "ኮሌጅ" የሚለው ቃል እዚያ ውስጥ ይጻፍ በያቸው። ለስብሰባው የአማርኛ አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው፤ አስቀድመሽ በጽሑፍ ጠይቂ። እባክሽ ታናሽ ወንድሟን አታስተርጉሚው። ስለ እህቱ የሚባለውን ሁሉ እሱ መሸከም የለበትም።

አንድ ነገር ደግሞ ዛሬውኑ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት። ስድስት ዓመት ሆነን ብለሻል። ግሪን ካርድ ከያዛችሁ አምስት ዓመት ካለፈ ዜግነት መጠየቅ ትችላላችሁ። ልጅሽ 18 ሳይሞላት አንቺ ወይም አባቷ ዜጋ ከሆናችሁ፣ እሷም ግሪን ካርድ ኖሯት ከዚያ ወላጅ ጋር ከኖረች፣ በሕግ ወዲያውኑ ዜጋ ትሆናለች። ፈተና የለ፣ ቃለ መሐላ የለ። 18 ካለፈች ግን ራሷ ማመልከት አለባት። ያኔም መንገድ አለ፤ ሐኪም የሚሞላው ኤን-648 የሚባል ፎርም ከእንግሊዝኛውና ከሲቪክስ ፈተናው ሊያስቀራት ይችላል። ግን የመጀመሪያው ይቀላል። ኤስኤስአይ የሚባለው ድጎማ ሕጉ ግሪን ካርድ ብቻ ላለው ሰው ጠባብ ነው፤ ለዜጋ ግን እንዲህ አያስቸግርም። 18 ሲሞላት ደግሞ የእናንተ ገቢ አይቆጠርባትም። በወላጅ ገቢ ምክንያት ከዚህ በፊት ተከልክላችሁ ከሆነ ያኔ እንደገና አመልክቱ። በስሟ ከ2,000 ዶላር በላይ ካስቀመጣችሁ ግን ኤስኤስአዩ ይቋረጣል። ለዚህ ኤብል አካውንት የሚባል አለ፤ እዚያ ውስጥ እስከ 100,000 ዶላር ቢኖር አይቆጠርባትም።

እንደሷ ያለ ሰው በቤቱና በአካባቢው እየኖረ ድጋፍ የሚያገኝበት የሜዲኬይድ ዌይቨር የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ወረፋው ብዙ ስቴት ውስጥ ዓመታት ይፈጃል። ነገ ሄደሽ አስመዝግቢያት። ስቴት ከቀየራችሁ ወረፋው አብሯችሁ አይሄድም።

የአንድ አባት ጥያቄ፦

እህታችን፣ በጣም እናመሰግናለን። እኔም ልጨምር። ልጄ በቅርቡ 18 ይሞላዋል። "ፍርድ ቤት ሄዳችሁ ሞግዚትነት አውጡ፤ አለዚያ ምንም አታውቁም" የሚሉን ሰዎች አሉ። የግድ ነው? ዶርም ሲያድርስ አንድ ነገር ቢሆን ማን ይነግረናል?

መልስ፦

ወንድሜ፣ ጭንቀትህ ይገባኛል። 18 ሲሞላው የአይኢፒ መብቱ በአብዛኛው ስቴት ወደ ራሱ ይዞራል። ሞግዚትነት ግን የግድ አይደለም። ሞግዚትነት ማለት የመወሰን መብቱን ከእሱ ወስዶ ለአንተ መስጠት ነው፤ መመለሱ ደግሞ ከባድ ነው። አንዳንዱ ልጅ በእርግጥ ያስፈልገዋል፤ ያንን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። የእኛ ልጅ ግን ውክልና ፈረመልን፣ ለሐኪሙም ለብቻው ፈረመ፤ በቃን። ሌላም መንገድ አለ። ልጁ የሚያምናቸውን ሰዎች መርጦ በእነሱ ድጋፍ ራሱ የሚወስንበት ስምምነት ነው። ቴክሳስ በ2015 ቀድማ በሕግ ተቀበለችው፤ ከዚያ ብዙ ስቴቶች ተከትለዋል።

ኮሌጅን በተመለከተ፣ አይኢፒ የሚባል ነገር እዚያ የለም። ፈርፓ በሚባለው ሕግ መሠረት መዝገቡም የእሱ ይሆናል። ልጁ ፈርሞ ካልፈቀደ ኮሌጁ ዝርዝሩን ላይነግርህ ይችላል። ስለዚህ ሲመዘገብ የፈቃድ ፎርሙን አብራችሁ አንብቡና ከፈለገ ይፈርም። ዶርሙን ግን በደንብ ጠይቁ። ሌሊት ማን አለ? መድኃኒቱን ማን ያስታውሰዋል? ሲታመም ማን ይወስደዋል? እኛ የጎበኘነው አንድ ቦታ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ አልነበረውም፤ ትተነው ወጣን። ልጃችን መጀመሪያ ከቤት እየተመላለሰ ነው የጀመረው። ዶርም የገባው በሁለተኛው ዓመት ነው።

ከጠያቂዋ፦

እህቴ፣ ምን ልበልሽ። ዛሬ ለዜግነት ጠበቃ ደወልን። ለትምህርት ቤቱም ስለ አስተርጓሚው ጻፍኩ፤ ስብሰባው ሐሙስ ነው። ማታ ለልጄ "ኮሌጅ አለ" አልኳት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ክፍሉ ውስጥ መስኮት አለው?" ብላ ነው። ምን ልመልስላት?

መልስ፦

አትመልሺላት። ወረቀት ላይ ትጻፈውና ሐሙስ ይዛው ትግባ። ራሷ ትጠይቃቸው። ዝም ብትል ጠብቂያት።