ጦስኝ የገባበት ማር አረፋ አወጣብኝ፤ ምን ላድርግ?

ማር የምታውቁ ሰዎች፣ እባካችሁ እርዱኝ።

ለእናቴ ብዬ ማር በጦስኝ እያዘጋጀሁ ነው። ክረምት ሲገባ ሳል ይበረታባታል፤ ሻይዋ ላይ ጨመር አድርጋ እንድትጠጣው አስቤ ነው። ጦስኙ ከመንዝ የመጣ ነው፣ መዓዛው ልዩ ነው። ማሩም ሰፈፉ ወጥቶለት የተጣራ ነው። የትኛው እንደሚሻል ለማየት በአንዱ ጠርሙስ የደረቀ ጦስኝ፣ በሌላው እርጥቡን አጥቤና አጠንፍፌ ጨመርኩ።

ደረቁ ያለበት ማር ምንም አልሆነም፣ ቃናውም ደስ ይላል። እርጥቡ ያለበት ግን ቀጠነ። ላዩ ነጭ አረፋ ይዟል። ክዳኑን ስከፍተው ሽ ብሎ አየር ይወጣል፣ ሽታውም ጠጅ ጠጅ ይላል። የማር እርጥበት ከ20 በመቶ ሲያልፍ መፍላት እንደሚጀምር አውቃለሁ። ስለዚህ ቅጠሉ ውሃ ለቆበት ይመስለኛል።

አሁን የጨነቀኝ ይኼ ነው። ቅጠሉን አጥልዬ ጠርሙሱን ሙቅ ውሃ ውስጥ ባስቀምጠው መፍላቱ ይቆማል? ስንት ዲግሪ ድረስ ባሞቀው መዓዛው አይጠፋም? ወይስ ተስፋ ቆርጬ በውሃ በጥብጬ ጠጅ ልጣልበት? የማር ዋጋ ታውቁታላችሁ፣ መድፋት አንጀቴ አይችልም። ግን እናቴ እንድትታመም ደግሞ በፍጹም አልፈልግም።

አንድ ነገር ልጨምር። ጎረቤቴ ለሳል ነጭ ሽንኩርትም ጨምሪበት ትለኛለች። እርጥብ ነጭ ሽንኩርት ማር ውስጥ ሲቆይ የቦቱሊዝም (በባክቴሪያ መርዝ የሚመጣ ከባድ የምግብ መመረዝ) ስጋት እንዳለው ስለማውቅ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ቤታችን ሕፃንም አለ፤ 1 ዓመት ስላልሞላው ማር አናቀምሰውም። ሽንኩርቱን አድርቃችሁ ጨምራችሁ የምታውቁ ካላችሁ፣ እንዴት እንዳደረጋችሁት ንገሩኝ።