የፖስታ ቤትን ሕግ በአንድ ገጽ አማርኛ እንጻፈው

ሰላም ወገኖች፣

ሰሞኑን የመኖሪያ ፈቃድ ማደሻ ወረቀቶቼን በፖስታ ልኬ ተመለሱብኝ። ክብደቱን መዝኛለሁ፣ ቴምብሩም አልጎደለም። ጥፋቱ የክሊፑ ነበር። ወረቀቶቹን የያዘው ብረት ፖስታውን አንድ ቦታ ላይ አሳብጦታል፣ በጣት ስትዳስሱት ይታወቃል። በዚያች እብጠት ምክንያት ከተራ ደብዳቤ ወጥቶ ትልቅ ደብዳቤ ሆነ፣ ዋጋውም ተለወጠ። የማስገቢያው ቀን ሊያልፍ 2 ቀን ሲቀረው እንደገና መላክ ነበረብኝ። በስቴፕለር ብመታው ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር።

ከዚያ ቁጭ ብዬ የዋጋ ሰንጠረዡን አነበብኩት። ለካ ሁሉም ተጽፏል። ያስቸገረው አጻጻፉ ነው። የሚጀምረው ከአገልግሎቶቹ ስም ነው፤ ለእኛ ግን ስሙ መጨረሻ ላይ ነው መምጣት ያለበት። ቤቴ ሆኜ የማውቀው ውስጡ ምን እንዳለ፣ የት እንደሚሄድና መቼ መድረስ እንዳለበት ብቻ ነው። ሕጉ በዚህ ቅደም ተከተል ቢጻፍ ለማንም ይገባል። ወረቀት ብቻ ነው ወይስ ዕቃ አለበት? ውፍረቱስ? ክብደቱስ? መድረሱን የሚያረጋግጥልህ ደረሰኝ ትፈልጋለህ? እንግዲያው አደራ ደብዳቤ አድርገው።

ይሄ ደግሞ ከዚህ በፊት ተሠርቷል። እንግሊዝ ውስጥ ከ1840 (እ.ኤ.አ.) ለውጥ በፊት ሂሳቡ የሚሰላው በርቀትና በወረቀት ብዛት ነበር፤ ፖስታው ራሱ እንደ አንድ ወረቀት ይቆጠራል፣ ብዙውን ጊዜ የሚከፍለውም ተቀባዩ ነው። ሮውላንድ ሂል የሚባል ሰው ይሄን ሁሉ ተዉት፣ በአገር ውስጥ የትም ይሂድ፣ እስከ ግማሽ አውንስ ማለትም 14 ግራም ገደማ አንድ ፔኒ ይሁን፣ ላኪው አስቀድሞ ይክፈል አለ። በመጀመሪያው ዓመት የደብዳቤው ብዛት ከእጥፍ በላይ ሆነ። ዋናው ምክንያት መርከሱ ነው፤ ግን ሰው ቤቱ ሆኖ ሂሳቡን ማወቁም ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ ሌላ አገር ዕቃ ስትልኩ ደግሞ ጉምሩክ አለ። ፎርሙ ላይ «ስጦታ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። «የልጅ የጥጥ ሹራብ፣ 2 ፍሬ» ተብሎ ከነዋጋውና ከነክብደቱ ይሞላል። ሽቶ ተቀጣጣይ ስለሆነ በአየር ፖስታ ወደ ውጭ አይሄድም፣ ለብቻው የተላከ የሊቲየም ባትሪም እንዲሁ። ይሄን ሳናውቅ ስንት እሽግ ተይዞብናል።

እስቲ በየአገሩ ያላችሁ የየአገራችሁን ልኬት ላኩልኝ፣ አንድ ገጽ እናውጣ። ዋጋ አንጽፍም፣ ቶሎ ቶሎ ይለወጣል።

መልስ፦

ልጄ፣ ጥሩ አስበሃል። እኔ ደብዳቤ መለያ ክፍል ነው የምሠራው። ውፍረት ለምን እንደሚያስጨንቀን ለሰው የሚነግር የለም። ደብዳቤው በማሽን ቀበቶ መሃል በፍጥነት ነው የሚያልፈው፤ ቁልፍ ወይም ክሊፕ ካለበት ይሰነቀራል፣ ፖስታውም ይቀደዳል። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ቁጥሩን አይረሳም፣ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሕግ ሥር «ለምን» የሚል አንድ መስመር ጨምርበት። በዓለም ፖስታ ኅብረት ልኬት የትንሽ ደብዳቤ ወሰን 5 ሚሊሜትር ውፍረትና 100 ግራም ነው፤ ያለህበት አገር ለአገር ውስጥ ደብዳቤ የራሱ ሊኖረው ስለሚችል እሱን እይ። ካርቶን ላይ 5 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ አውጣና ፖስታህን አሳልፈው። ሳትገፋው ካለፈ ደህና ነው። ሚዛን የሌለው ደግሞ ወረቀት ይቁጠር፤ ተራው ባለ 80 ግራም ኤ4 አንዱ ሉክ 5 ግራም ይመዝናል። ፖስታውንም ይደምር።

መልስ፦

እናቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ካርቶኑን ዛሬውኑ ቆረጥኩት። የዚያኑ ያህል ባዶ ወረቀት በዚያው ክሊፕ ይዤ ፖስታ ውስጥ ከተትኩና ሞከርኩት፣ አላልፍ አለ። ክሊፑን ሳወጣው ሸርተት ብሎ አለፈ።