ልጄ ጉልበቱ አጠገብ አጥንት የመሰለ እብጠት አለው፣ ምን ይሆን?

የአራት ኪሎዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 9 ዓመቱ ነው። ቅዳሜ ገላውን ሳጥበው ከጉልበቱ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በውስጥ በኩል፣ የሆነ ነገር እጄን ጎረበጠኝ። ጫን ስለው አይሰረጉድም፣ ወዲያ ወዲህ አይልም፣ ከአጥንቱ ጋር አንድ ነው። ቆዳው ደህና ነው፣ አልቀላም፣ አይሞቅም። ሌላኛውን እግሩን ዳሰስኩት፣ እዚያ ምንም የለም። «ያምሃል?» ስለው «ኳስ ሲመታኝ ብቻ» አለኝ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ብጠይቀው ደግሞ «ድሮም አለኮ» ብሎኝ አረፈው።

ባለቤቴ ወድቆ ነው ይላል፣ ለእሱ ሁሉም ነገር ወድቆ ነው። እናቴ ደግሞ ቅቤ ቀብተን ለወጌሻ እናሳየው፣ አሽቶ ያስገባለታል ብላ ድርቅ ብላለች። እኔ ሌሊት ስልኬን ይዤ ጎግል ሳደርግ የሚወጣልኝ ካንሰር ብቻ ነው፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር አጥቻለሁ። ልጁ ግን ይበላል፣ ይሮጣል፣ ክብደቱ አልቀነሰም፣ እንደውም ቁጭ በል ብንለው አልሰማ ብሎናል። ልጁ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ያየ አለ? መጀመሪያስ የት ነው የሚኬደው፣ ጤና ጣቢያ ወይስ በቀጥታ አጥንት ሐኪም?

የካዛንቺሷ እናት፦

አይዞሽ እህቴ። የኔ ልጅም ነበረባት፣ የእሷ ከጉልበቷ በታች ነው እንጂ። ቅልጥሟ ላይ በውስጥ በኩል። 11 ዓመቷ ላይ ጠባብ ሱሪ አልገባ ብሏት ስትታገል ነው ያየሁት። ራጅ ተነሳች፣ ኦስቲዮኮንድሮማ ነው ተባለ። ካንሰር አይደለም። ከራሱ ከአጥንቱ የሚበቅል ትርፍ አጥንት ነው፣ ልጁ ሲያድግ አብሮ ያድጋል፣ ቁመት ሲያቆም እሱም ያቆማል። ሐኪሙ «ይሄ በብዛት የምናየው ነው፣ ብዙ ሰው እንዳለበት እንኳን ሳያውቅ ነው የሚኖረው» ሲለኝ እዚያው አለቀስኩ፣ ሰው እያየኝ።

ትንሽ ቆይቶ ግን ጅማቷ በላዩ ላይ እየተሻሸ ደረጃ ስትወጣ ያማት ጀመር፣ ቁመቷም እያቆመ ስለነበር ተወያይተን ወጣላት። አሁን ጠባሳው ብቻ ነው ያለው። አንድ ነገር ልንገርሽ ግን፣ መጀመሪያ የወሰድኳት ክሊኒክ ራጅ እንኳን ሳያዝ አንቲባዮቲክ ጽፎ ሸኘን። ስሙን አልጠራም። ራጅ ሳይነሳ መድኃኒት ከጻፉልሽ ወረቀቱን አጥፈሽ ውጪ።

የመርካቶ ልጅ፦

ወጌሻን ለምን ትንቃላችሁ? እኔ ትከሻዬ ወልቆ አንድ አባት ናቸው በደቂቃ የመለሱልኝ። እናትሽን ስሚ፣ ትልቅ ሰው የሚያውቀው አለ።

ራጅ ክፍል፦

ወንድሜ፣ ውልቃት ሌላ፣ ይሄ ሌላ። ይሄኛው ከቦታው የወጣ ነገር አይደለም፣ የሚገባበትም የለውም። በማሸት የሚመለስ ቢሆን ኖሮ እኛም አሽተን በሸኘን ነበር። ኦስቲዮኮንድሮማ አንዳንዴ እንደ እንጉዳይ ቀጭን አንገት አለው፣ አጥብቀው ሲያሹት አንገቱ ሊሰበር ይችላል። እግዜር አያድርገውና መጥፎ እጢ ከሆነ ደግሞ መታሸቱ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም፣ ከሁሉ በላይ ጊዜ ይበላል። አጥብቆ በማሰር የመጣ ጣጣማ አያድርስ ነው፣ ደም እግሩ ጋር ሳይደርስ ቀርቶ ልጆች እግራቸው የተቆረጠበት ጊዜ አለ።

እናት፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ራጅ ክፍል ነው የምሠራው። ግን እንዲህ ያሉ ልጆች ስለሚመጡብን የማውቀውን ልበል። የልጅ አጥንት የሚረዝመው ጫፉ አካባቢ ባለ የእድገት መስመር ነው። ከዚያ መስመር ትንሽ ልም አጥንት አፈንግጦ ወደ ጎን ሲያድግ ነው ጉብታው የሚፈጠረው። ጉልበት ዙሪያ የሚበዛውም አጥንት በብዛት የሚያድገው እዚያ ስለሆነ ነው። በጣት ስትዳስሺው ትልቅ ይመስላል፣ ላዩ ላይ ያለው ልም አጥንት በራጅ ስለማይወጣ ፊልሙ ላይ ደግሞ አንሶ ይታያል፣ እሱ አያስደንግጥሽ።

ጉልበት አካባቢ ያበጠ ሁሉ ይሄ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ከጉልበቱ ሎሚ በታች፣ ፊት ለፊት ቢሆን ኖሮ ኦስጉድ ሽላተር የሚባለው ነው የሚጠረጠረው። እሱ ሯጭና ኳስ ተጫዋች ልጆች ላይ ይበዛል፣ ሲንበረከኩ ያማቸዋል፣ አብዛኛውን ጊዜ በእረፍት ይሻላቸዋል። ያንቺ ልጅ ቦታው አይገጥምም።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ሌሊት ከእንቅልፉ የሚቀሰቅስ ህመም አለው? ሳይጫወት፣ ሳይመታ፣ ዝም ብሎ ተኝቶ ያመዋል? በሳምንታት ውስጥ ጨምሯል? ያነክሳል? ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ መክሳት አለ? ከእነዚህ አንዱ ካለ ነገ ዛሬ ሳትይ ሂጂ። አደገኛው የአጥንት ካንሰርም በለጋ ወጣቶች ላይ ጉልበት አካባቢ ነው የሚወደው፣ የአጥንት ቲቢና የአጥንት ኢንፌክሽንም አለ፣ ስለዚህ መልኩን በእጅ ዳስሶ ማንም እርግጠኛ ሊሆን አይችልም፣ እኔም በስልክ፣ እናትሽም በቅቤ። ምንም ከሌለ ግን መሸበር አያስፈልግም፣ በዚህ ሳምንት ራጅ አስነሺው። ከጤና ጣቢያ ሪፈር ይዘሽ ብትሄጂ ይሻላል፣ ጤና መድህን ካላችሁ ደግሞ ያለ ሪፈር አይሠራላችሁም። አራት ኪሎ ከሆንሽ ጥቁር አንበሳ ቅርብሽ ነው፣ አጥንት ክፍልም ሕፃናት ክፍልም አለው። ወረፋው ያስመርራል፣ ጠዋት በጊዜ ሂጂ።

የልደታው፦

አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔ ራሴ ስላለብኝ። የኔ አንድ አይደለም፣ ጉልበቴም፣ ቁርጭምጭሚቴም፣ የእጄ አንጓም፣ ጎድኔም ላይ አለ። አባቴም እንዲሁ ነበር፣ ያኔ ግን የጠረጠረ የለም፣ «የአባቱ አጥንት ነው» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። በዘር የሚተላለፍ ዓይነት ነው። አንዱ ወላጅ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ ላይ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ስለዚህ ልጁን ከላይ እስከ ታች ዳብሺው፣ ትከሻውን፣ የእጁን አንጓ፣ ጎድኖቹን። ባልሽንም እንደዚያው፣ ወድቆ ነው ከማለቱ በፊት ሱሪውን ከፍ ያድርግ። አንድ ብቻ ከሆነ ወደ ካንሰር የመለወጡ ነገር ከ100 ሰው አንድ እንኳን ላይሞላ ይችላል፣ እንደኔ ብዙ ካለ ግን ከፍ ስለሚል ክትትሉ እስከ ዕድሜ ልክ ነው። አንዳንዴም ክንድ ያጥራል ወይ ጉልበት ይጣመማል፣ የልጁ እግሮች እኩል መሆናቸውን አይተሻል?

የአራት ኪሎዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ራጁን አስነሳነው። ሐኪሙ ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰቅሎ በእስክሪብቶው እያሳየ አስረዳን። ከጭኑ አጥንት የወጣች ትንሽ ቀንበጥ መሳይ ጉብታ ናት፣ ጫፏ ከጉልበቱ ሸሽታ ወደ ላይ ዞራለች። የአጥንቱ ውስጥና የእሷ ውስጥ ያለ ድንበር አንድ ሆኖ ይታያል። እነዚህ ሁለቱ ናቸው አለ ኦስቲዮኮንድሮማ መሆኑን የሚነግሩን፣ ኤምአርአይ ለጊዜው አያስፈልገውም። ሌላም ቦታ ዳሰሰው፣ የለም። ባሌም ተፈትሿል፣ ሱሪውን እያጠፈ ሲነጫነጭ ብታዩት፣ የለበትም።

ለምን አሁኑኑ አይወጣም ብዬ ነበር። ገና በጣም ልጅ ስለሆነና ለእድገት መስመሩ ቅርብ ስለሆነች፣ አሁን ቢነኩት መስመሩ ሊጎዳ ይችላል፣ ተመልሳም ልትበቅል ትችላለች አለን። ካላስቸገረችው መጠበቁ ይሻላል፣ ከ6 ወር በኋላ ተመለሱ ብሎናል። እናቴ ግን አልተዋጠላትም፣ «6 ወር ሙሉ ዝም ብሎ ማየት ሕክምና ነው?» ትላለች። አሁን ጭንቀቴ ኳሱ ነው። ሐኪሙን ሳልጠይቀው ወጣሁ። ልከልክለው?

ራጅ ክፍል፦

አትከልክይው። በኳስ አይባባስም፣ ከተመታ ያመዋል እንጂ። ስስ የጉልበት መሸፈኛ ካገኘሽ አድርጊለት። ድንገት ጠንካራ ህመም ከመጣበት፣ እግሩ ከደነዘዘ፣ ወይ ጣቶቹን ወደ ላይ ማንሳት ካቃተው 6 ወሩን አትጠብቂ። ሌላው፣ ቁመቱ ካቆመ በኋላ፣ 18 ዓመት ካለፈው በኋላ ማለቴ ነው፣ ማደግ ከጀመረች ያኔ ቶሎ መታየት አለበት፣ ይሄን ለራሱም ሲያድግ ንገሪው።

የካዛንቺሷ እናት፦

ፊልሙን ደግሞ እንዳትጥዪው። በሚቀጥለው ሌላ ሐኪም ሊገጥማችሁ ይችላል፣ ጨመረ አልጨመረ የሚለው ከድሮው ጋር ተያይቶ ነው የሚታወቀው። የልጄን ካርድ፣ ካርድ ክፍል አጥፍተውት ፊልሙ ቤት ስለነበረ ነው የተረፍነው። ቀኑን በእስክሪብቶ ጻፊበት፣ ስልክሽም ላይ ፎቶ አንሺው፣ ሲዲ ከሰጡሽ ኮፒ አድርጊው።