የጃፓን ባዶ ቤት ግዢ፦ መግቢያው በመዝገብ «እርሻ» ሆኖ ተገኘ፣ ምን ይሻላል?

ሰላም፣ በጃፓን የቤት ግዢ የገባችሁ እርዱኝ። ቤቱ ናጋኖ ገጠር ያለ «አኪያ»፣ ማለትም ሰው የማይኖርበት ባዶ ቤት ነው፤ ዋጋው 1.8 ሚሊዮን የን፣ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1974፣ ማለትም ከ1981ዱ የመሬት መንቀጥቀጥ ደንብ በፊት። ገዢው የሚኖረው አሜሪካ ነው። የውጭ ዜጋ መሬትም ቤትም በስሙ ማዞር ስለሚችል ችግሩ እሱ አይደለም (ቪዛ እንደማያስገኝም ይታወቃል)። በጃፓን እንደ ፊርማ ለሚያገለግለው የተመዘገበ ማኅተም በሚጠየቀው ማረጋገጫ ፈንታ በኖተሪ የጸደቀ ቃለ መሐላ ተዘጋጅቷል፤ የግብር ወኪልም አለ።

ያነቀን መሬቱ ነው። ቤቱ ያረፈበት 240 ካሬ «ታኩቺ»፣ የቤት ቦታ፣ ተብሎ ሲመዘገብ ከፊቱ ያለው 90 ካሬ ግን «ሃታኬ»፣ እርሻ ነው። እርሻ ያለ አካባቢው ግብርና ኮሚቴ ፈቃድ ስሙ አይዛወርም። የ2023ቱ የሕግ ማሻሻያ እርሻ ለመግዛት ይጠየቅ የነበረውን ዝቅተኛ ስፋት ቢያነሣም ማን እንደሚያርሰው ይጠየቃል፤ ባሕር ማዶ ላለ ሰው ይህ ከባድ ነው። እርሻውን ትቶ ቤቱን ብቻ መግዛትም ጣጣ አለው፤ መንገድ የሚነካው እርሻው ብቻ ነዋ! ሰፈሩ በከተማ ፕላን ክልል ስለሆነ፣ ቦታው 4 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ ቢያንስ በ2 ሜትር ካልነካ ቤቱ ከፈረሰ በኋላ እንደገና መሥራት አይፈቀድም።

ደላላው «ሙሉውን ክፈሉ፣ ለእርሻው ጊዜያዊ ምዝገባ ይደረጋል» ይላል። ያ ተራ ይይዛል እንጂ ባለቤት አያደርግም።

ለዓመታት ላልታረሰ መሬት «እርሻ አይደለም» የሚል ማስረጃ፣ «ሂኖቺ ሾሜይ»፣ ያወጣ አለ? ምን ማስረጃ ተጠየቀ፣ የአየር ፎቶ? ወይስ ከእርሻው የመግቢያውን ያህል ብቻ ቆርሶ አገልግሎቱን ከእርሻነት ማስቀየር ይቀላል? ፈቃዱ ካልተገኘ ውሉ ይፍረስ፣ ቀብዱ ይመለስ የሚል አንቀጽ ያስገባችሁስ፣ አጻጻፉ እንዴት ነበር?